ጡረታ ወጥተው ባሕር ማዶ

በጀርመን በሚስዮናዊነት ስለሚያገለግሉት አሜሪካውያን አዛውንት ባልና ሚስት የጻፋችሁትን አነበብኩ። እኔም ፍራንክፈርት አጠገብ፣ ፍሪድሪሽስዶርፍ፣ እንደነሱ ያሉ ባልና ሚስት አውቃለሁ። የላከቻቸው ሞርሞን የምንላት ቤተ ክርስቲያን እዚያ በ1987 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የተመረቀ ቤተ መቅደስ አላት።

ብዙ ሰው ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሰብኩ ይመስለዋል። ያ በአብዛኛው የወጣት ሚስዮናውያኑ ሥራ ነው። አዛውንቶቹ ቢሮ ያግዛሉ፣ የዘር ሐረግ መዝገብ ያደራጃሉ፣ ስደተኛ ይረዳሉ። ደመወዝ የላቸውም። ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ከራሳቸው ኪስ ነው፤ ያውም ከ6 እስከ 23 ወር።

እኔን የነካኝ ግን የማውቃቸው ባልና ሚስት ናፍቆት ነው። የልጅ ልጃቸው ሲወለድ ያዩት በስልክ ቪዲዮ ነው። እማማ ስልኩን እንደያዙ አለቀሱ። አባባ ትከሻቸውን አቅፈው ዝም አሉ። ጀርመንኛውም ከብዷቸው ነበር፤ ዳቦ እንኳን በጣት እየጠቆሙ ነበር የሚገዙት።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ በእምነት አንገናኝም። ግን አዲስ በመጣሁበት ክረምት ታምሜ ስተኛ ሾርባ ይዘው በሬን ያንኳኩት እነሱ ናቸው። ስለ ሃይማኖት አላነሱም። «እናትህ ደህና ናቸው? ደወልክላቸው?» ብቻ ነበር ጥያቄያቸው። ያን ቀን ደወልኩ።

እባካችሁ አገራቸው ሲመለሱ ስለሚገጥማቸውም ጻፉልን።