ጠባቂ የሌለው ሣር

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። እሁድ እሁድ በስልክ እናወራለን። አንድ ሐምሌ ላይ «የት ሆነህ ነው? ነፋሱ ያፏጫል» አለችኝ። «ጎልፍ እየተጫወትኩ ነው እማዬ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ምነው ልጄ፣ ሚኒስትር ሆንክ እንዴ ሳትነግረኝ?»

አልፈረድኩባትም። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ለዘመድ ጥየቃ ስንሄድ፣ ጎልፍ ማለት በድሮ ኤርፖርት በኩል ከአጥር ወዲያ ያለ አረንጓዴ ነገር ነበር። ከታክሲ መስኮት አንገታችንን አስግገን እናይና እናልፋለን። ማን እንደሚገባበት አናውቅም። እኛ እንደማንገባ ግን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን።

አሁን ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። ጎልፍ ያስጀመረኝ አብሮኝ ይሠራ የነበረ፣ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። ዱላዎቼን የገዛሁት ከበጎ አድራጎት ሱቅ ነው። ሰባት ዱላ ከነቦርሳው በ15 ፓውንድ። የአንደኛው እጀታ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ፕላስተሩን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ባላውቅ ይሻለኛል። ጎበዝ ተጫዋች እንዳልሆንኩም አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ እንዳትታዘቡኝ።

ሽማግሌው የመጀመሪያ ቀን የወሰደኝ ብራንትስፊልድ ወደሚባል የከተማ ሜዳ ነው። ከመሀል ከተማ በእግር ይደረሳል። አጥር የለውም፣ በር የለውም። በእነሱ በጋ ሣሩ ላይ ኳስ የሚከተትባቸው ጉድጓዶች በአጭር በአጭር ርቀት ይቆፈራሉ፣ ባንዲራ ይተከላል፣ የፈለገ ዱላውን ይዞ መጥቶ በነፃ ይጫወታል። አጠገባችን ተማሪዎች ተጋድመው ቢራ ይጠጣሉ። አንዲት እናት የልጅ ጋሪ እየገፋች ታልፋለች። እኔ ከኳሱ ይልቅ ዙሪያዬን ነበር የማየው። ደረሰኝ የሚጠይቀኝ ሰው በየት በኩል እንደሚመጣ ልወቅ ብዬ። ሽማግሌው ግራ ገባውና «ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለኝ። ዘበኛውን ልለው አስቤ ተውኩት።

የሚገርመው እዚህ አገር መጀመሪያ ጎልፍን የከለከለው ንጉሥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1457 በዳግማዊ ጀምስ ዘመን የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍና እግር ኳስ ይቅሩ ብሎ ደነገገ። ምክንያቱም ወጣቱ ዱላና ኳስ ሲያሳድድ እየዋለ የቀስት ልምምዱን ትቶት ነበር። በዚያው ዘመን ነው እንግዲህ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የእናቴን ከተማ፣ ደብረ ብርሃንን፣ የቆረቆሩት። የእኛ ነገሥታት የገና ጨዋታን ሲከለክሉ አልሰማሁም። እንደውም በተቃራኒው ነው። በቆልማማ ዱላ ሩሯን እየመታን ስንራኮት፣ ትልቅ ትንሽ ሳይባል፣ የተመታ ሁሉ ይችላታል። «በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ። ስለዚህ ሽማግሌው ዱላ ሲያስጨብጠኝ «ከዚህ በፊት ይዘህ ታውቃለህ?» ቢለኝ፣ አዎ አልኩት። ከዚያ ኳሱን እንደ ሩር ሮጬ መታሁት። ኳሱ ያለበት ቀረ፣ ሣሩ ሄደ።

ስኮትላንድ አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ይዛ ከ500 በላይ የጎልፍ ሜዳ አላት። ሁሉም ርካሽ አይደለም። ሴንት አንድሩስ ያለው ኦልድ ኮርስ፣ የጎልፍ ቤት የሚሉት፣ በደራበት ወቅት ለአንድ ዙር ከ300 ፓውንድ በላይ ይጠይቃል። በእኔ ደሞዝ አይታሰብም። ግን እሱም ቢሆን መሬቱ የሕዝብ ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ ጨዋታው ይቆምና ሰው ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። ባለቤቴና እኔ አንድ እሁድ ሄደን፣ ሰው ከአሜሪካ ድረስ ቲኬት ቆርጦ የሚመጣበት ሣር ላይ ተቀምጠን ድፎ ዳቦ በልተናል። ፍርፋሪውን ለቅመናል፤ እንዳትጨነቁ።

እኔ የምመላለሰው ትንንሾቹ ጋ ነው። ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ያላቸው፣ ሁለት ጊዜ ዞረህ ሙሉውን አሥራ ስምንት የምታደርጋቸው። አንዱ ደርነስ ነው፤ ከስኮትላንድ ዋና ምድር ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ። ከኤድንብራ ለመድረስ ግማሽ ቀን መንዳት አለብህ። የመጨረሻው መንገድ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከፊትህ ሌላ መኪና ሲመጣ አንዳችሁ ዳር ትይዛላችሁ፣ ከዚያ ሁለታችሁም እጅ ታነሳላችሁ። የአገሬ ገጠር ትዝ አለኝ፣ ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ ነውር የሆነበት። ሜዳውን የመንደሩ ሰዎች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1988 የሠሩት። የመጨረሻው ጉድጓድ ጋ ስትደርስ መምቻ ቦታህና ባንዲራው መሀል ባሕር ገብቷል። ኳስህ ወይ ይሻገራል ወይ ይሰጥማል። ለአትላንቲክ ውቅያኖስ ሦስት ኳስ ገብሬያለሁ።

አሁን ስለ አንድ ሳጥን ላውራችሁ። እንዲህ ያሉት ሜዳዎች ብዙዎቹ ሠራተኛ የላቸውም። ትንሽ የእንጨት ቤት አለች፣ በሯ ክፍት ነው። ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ያለው ሳጥን፣ ከጎኑ ፖስታ፣ በሲባጎ የታሰረ እርሳስ። ስምህንና ቀኑን ትጽፋለህ፣ ብሩን ትከታለህ፣ ትጫወታለህ። በቃ። ካሜራ ፈለግኩ፣ የለም።

አንዱ ደሴት ላይ ካለ ሜዳ ስደርስ ኪሴ ውስጥ የተገኘው 4 ፓውንድ ነው። ካርድ ለምጄ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ትቻለሁ። ዋጋው 20 ነው። በዙሪያዬ ሰው የለም፣ አንዲት በግ ብቻ እያመነዠከች ታየኛለች። አምስት ሰዓት ነድቼ፣ በጀልባ ተሻግሬ አልመለስም አልኩ። 4 ፓውንዱን ከተትኩና ፖስታው ላይ «16 ቀሪ አለብኝ» ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ስጽፍ እጄ ትንሽ አመነታ። ያን ቀን እንደዚያ ሆኖ የማያውቅ ጥሩ መታሁ፤ ግን ደስ አላለኝም። በዓመቱ ተመልሼ 20 ከተትኩ። አራቷ ወለድ ናት። የሚያመሰግን ሰውም፣ የሚያፍጥብኝ ሰውም አልነበረም። በጓ እንኳ አልነበረችም።

ይሄን ቡና ላይ ለሐበሻ ጓደኞቼ ሳወራ አንዱ «እኛ አገር ቢሆን ሳጥኑ ራሱ ይሰረቃል» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ሁልጊዜም እንስቃለን። ውጭ አገር ስንቀመጥ ይቺ ቀልድ ከፈንዲሻው ጋር አብራ ነው የምትቀርበው።

ማታ ቤቴ ስገባ ግን ሳቄ ጎረበጠኝ። ሙዳየ ምጽዋትስ? እናቴ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ስንት ዓመት ስትከት፣ ማን ቆጣጥሯት ያውቃል? ዕቁቡስ? በቃል ብቻ ስንት ብር ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል? በሌላ በኩል ደግሞ ሳጥን የሰቀለ ሕዝብ ሁሉ ቅዱስ አይደለም። ከብራንትስፊልድ ሜዳ ብዙም ሳይርቅ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት ከዚያ ተገኝቶ በ2002 ወደ አገሩ ተመልሷል። ተመላሹ ጥሩ ነው። ግን ፖስታው ላይ «ቀሪ አለብኝ» ብሎ የጻፈ አልነበረም።

ስለዚህ ሳጥኑን በጠባይ ብቻ አላስረዳም። ሒሳቡ ቀላል ነው። በቀን አሥር መኪና ለማይመጣበት ሜዳ ሠራተኛ ብትቀጥር ደሞዙ ገቢውን ይበላዋል። ሣሩን የሚያጭዱት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፣ ከሥራ በኋላ፣ በነፃ። ከሳጥኑ የሰረቀ የሚሰርቀው ጎረቤቱን ነው። ከዚያ መሬቱ አለ። በባሕሩና በእርሻው መሀል ያለ አሸዋማ መሬት ነው፣ ሊንክስ ይሉታል። እህል አይሆንበትም። ዝናቡን ወዲያው ይመጠዋል፣ ሣሩ አጭርና ጠንካራ ነው። ድሮ የመንደሩ ሁሉ በግ የሚሰማራበት ነበር። የሚያጠጣው ሰማይ፣ የሚከረክመው በግ ከሆነ ጎልፍ ለምን ይወደዳል? ውድ የሚያደርገው ከሌላ ቦታ ያመጡት ሣር፣ የውሃ ቧንቧና የእብነ በረድ ደረጃ ነው።

በነገራችን ላይ የጋራ ሣር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን፣ መንዝ ላይ፣ ጓሳን ሕዝቡ ራሱ ሲጠብቀው ስንት መቶ ዓመቱ! ሣሩ እስኪደርስ ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈታል፣ ቤት ይከደንበታል። ይሄ የሆነው ገጠር ነው። ከተማ ስንገባ ምን እንደምንሆን አላውቅም። ገና የተጫወትኩበት የሰፈራችን ሜዳ ላይ አሁን ሕንፃ ቆሟል። ባለፈው ስሄድ ልጆቹ አስፋልቱ ዳር ኳስ ሲያንከባልሉ አየሁ፤ ባጃጅ ሲመጣ «መኪና!» ይላሉ፣ ይበተናሉ፣ ይመለሳሉ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በአዲስ አበባ ጎልፍ መኖሩ አይደለም። ሣር ባየን ቁጥር ወይ አጥር ወይ መሠረት እንዲታየን መለመዳችን ነው።

እዚህ አጥር የለም ስል በሕግም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የመሬት ሕግ አለ። ማንም ሰው በጨዋ ደንብ በሰው መሬት ላይ በእግሩ ማለፍ ይችላል፤ በጎልፍ ሜዳም ጭምር፣ የተከረከመውን የጉድጓድ ዙሪያ እስካልረገጠ። አንድ ጊዜ ኳሴ ተጣምሞ ውሻ ወደምታንሸራሽር ሴትዮ ሄደ። «ፎር!» ብዬ ጮህኩ፣ ተጠንቀቁ ማለት ነው። ከአፌ ግን እኩል «ኧረ በማርያም!» አመለጠኝ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አሳለፈችው። ተቆጥታ ትሰድበኛለች ስል በዱላዋ ቁጥቋጦ አመለከተችኝ፤ «እዚያ ገብቷል» ማለቷ ነው። የገና ጌታ መሰለችኝ።

ለሁሉም ክፍት ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። የሴንት አንድሩሱ ታላቅ የጎልፍ ክበብ ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከኤድንብራ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ሙርፊልድ የሚባለው ክበብ በ2016 ድምፅ ሰጥቶ እምቢ አለ። ትልቁን ውድድር፣ ብሪቲሽ ኦፕንን፣ እንዳያዘጋጅ ሲከለከል ነው በዓመቱ ሐሳቡን የቀየረው። ትልልቆቹ ጋ አጥሩ እንጨት ላይሆን ይችላል።

ሃሪስ ደሴት ላይ፣ ስካሪስታ የሚባል ዘጠኝ ጉድጓድ አለ። ከጀርባው ተራራ፣ ከፊቱ ነጭ አሸዋና ባሕር። ብሪቲሽ ኦፕንን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ኒክ ፋልዶ እዚያ ሄዶ የፈረመበትን ባለ 5 ፓውንድ ኖት ሳጥኑ ውስጥ ትቶ ሄደ። መንደርተኛው ብሩን አልመነዘረውም። እስከ ዛሬ የሚወዳደሩበት ዋንጫቸው ይቺ ኖት ናት። እሁድ ደግሞ ሰንበት ስለሆነ እዚያ ሜዳ ላይ አይጫወቱም። ይሄን ለእናቴ ስነግራት «እነዚህስ ሰዎች ናቸው» አለች። ቀጥላ «አንተስ?» አለች። ወሬ ቀየርኩ።

አንድ ዓመት ብሮራ የሚባል ሜዳ ሄድኩ። እሱ አሥራ ስምንት ጉድጓድ ነው፣ ከትንንሾቹም አይደለም፤ ሽማግሌው ነው ለልደቴ የጋበዘኝ። በጎችና ላሞች ሜዳው ላይ ይግጡ ነበር፣ ባንዲራው ያለበት ሣር ዙሪያውን ኤሌክትሪክ ባለው ቀጭን ሽቦ ታጥሮ ነበር። አየህ፣ አጥር ነበር፤ ለበግ። እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ባሕሩን አሳየኋት፣ ባንዲራውን አሳየኋት፣ ሽማግሌውን አሳየኋት። በእጁ ሰላም አላት፣ እሷም እንደቆመች ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «ወደ ግራ መልሰው። ያ ምንድን ነው?»

«በግ ነው እማዬ።»

«በግነቱንማ አየሁ። እረኛው የታለ?»

«እረኛ የለውም።»

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው። ግንባሯ ብቻ ነበር የሚታየኝ። «ላቱ ቀጭን ነው» አለች በመጨረሻ። «ጠጉሩ ግን ጥሩ በርኖስ ይወጣዋል። በል ያንን ሽማግሌ ጠይቅልኝ፣ ስንት ይሸጡታል?»

ጠየቅኩት። ሽማግሌው ዱላውን ተደግፎ ለረጅም ጊዜ አሰበ።