20 በመቶው ቀብድ ነው

ለገጣፎ ውስጥ ከአሜሪካ ጡረታ ወጥተው የገቡ ሰዎች በዝተዋል። ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬያችን ሲሚንቶና ብረት ነው። ሰሞኑን ግን አንዲት ጎረቤታችን ከአይ አር ኤስ፣ ከአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት፣ የደረሳቸውን ደብዳቤ ይዘው መጡ። ቀሪ ግብር ይክፈሉ ይላል፤ ከነወለዱ።

እኚህ እናት ዓመታት ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ሲያገላብጡ የኖሩ ናቸው። ሥራ ሲያቆሙ በፎር ኦ ዋን ኬይ (401(k))፣ በአሠሪ በኩል በሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ፣ የተጠራቀመላቸውን በአንድ ጊዜ አወጡት። 20 በመቶ ተቆረጠ። «ግብሩማ ተከፍሏል» ብለው ቤታቸውን ጨረሱበት።

እኔ አልፈርድባቸውም። አገር ቤት የደመወዝተኛውን ግብር አሠሪው ቆርጦ ያስገባል። ለጡረታም ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይገባል፤ በቃ። ፎርም ሞልቶ «ይህን ያህል አግኝቻለሁ» የሚል ተቀጣሪ ስንቱ ነው? ጡረታውም በየወሩ ነው የሚመጣው።

አሜሪካ ግን የሚቆረጠው 20 በመቶ ቀብድ ነው። ገንዘቡ እንዳለ በዚያው ዓመት ገቢ ላይ ይደመርና የግብሩን እርከን ከፍ ያደርገዋል። ለሁለት ዓመት ተከፍሎ ቢወጣ ኖሮ ሊቀል ይችል ነበር። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ዕድሜ ልኩን ለደከመ ሰው ገንዘቡን ሲሰጡ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? የሚሰጡት ወረቀት ገጹ ብዙ፣ ቋንቋው የሕግ ነው።

ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ያወጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ተጨማሪ ግብር ይጨመርበታል። በ55 ዓመቱ ወይም ከዚያ በኋላ ከሥራው የለቀቀ ግን ከዚያው መሥሪያ ቤት የጡረታ ቁጠባ ቢያወጣ ይህ አይነካውም።

«አሁን የምኖረው ኢትዮጵያ ነው» ማለትም አያድንም። ውጭ አገር ለሚኖር የሚሰጠው የገቢ ነፃነት ሠርቶ ላገኘው ነው፤ ጡረታን አይጨምርም። ውጭ ለሚኖር ግብሩን አስታውቆ ፋይል ማድረጊያው ቀን እስከ ጁን 15 ይራዘማል፤ ወለዱ ግን ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ይቆጥራል።

ያወጡትንና የተቆረጠውን የሚያሳየው ወረቀት ፎርም 1099-አር ይባላል። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ይላካል፤ ቅጂው ለአይ አር ኤስም ይደርሳል። ጠቅላላው በ1040 ፎርም (ዓመታዊው የግብር ማስታወቂያ) መስመር 5ኤ ላይ፣ ግብር የሚከፈልበት 5ቢ ላይ፣ የተቆረጠው 25ቢ ላይ ይሞላል። የጎረቤታችን ወረቀት የሄደው ሜሪላንድ፣ ወደ ለቀቁት አፓርታማ ነበር። አሁን ዕዳውን በየወሩ ለመክፈል ጠይቀዋል። ለመግባት ሻንጣ እያሰራችሁ ያላችሁ፣ እባካችሁ አውሮፕላን ሳትሳፈሩ አድራሻችሁን አስቀይሩ።