እርማት፦ የዐፄ ቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ አልተሠራም

ወንድሜ፣ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ በ1840 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን ቤት በምሥረታው ቀን በጽሑፍህ ማስታወስህ ደስ ይላል። «ሚሲዮናውያኑ መድፍ ሊሠሩ መጡ፣ ሴባስቶፖልንም መቅደላ ላይ ሠሩት» ያልከው ግን ልክ አይደለም። እዚህ ደሴም ቡና ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! መድፉ የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ነው። ሚሲዮናውያኑ ከዚያ ቤት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነው፤ የእጅ ሙያ ስለነበራቸው ዐፄ ቴዎድሮስ «መድፍ ሥሩልኝ» ብለው አስገደዷቸው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ፣ ሠራዊቱ በገመድ እየጎተተው፣ ንጉሡ ራሳቸው ለመንገዱ ድንጋይ እያነሡ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው ነው፤ ሄጄ በእጄ ዳስሼዋለሁ። እባክህ፣ ጽሑፍህ ላይ ጋፋትን አስገባልን።