የሜክሲኮዎቹ ዘፈን እና የእኛ ልጆች

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሜክሲኮ ሰዎች ጋር አጥር የሚጋራ ሀበሻ ይህን ያውቃል። ቅዳሜ ማታ ግቢያቸው ውስጥ ድግስ ሲኖር መጀመሪያ የሚከፈተው የወጣቶቹ ሙዚቃ ነው። ሰዓቱ እየገፋ ሲመጣ ግን አንዱ አጎት ተነስቶ የድሮውን ያስከፍታል። መለከትና ቫዮሊን መሰማት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ አያትየው ይዘፍናሉ። እናትየው ትዘፍናለች። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲያወራ የዋለው ጎረምሳም ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር ይወጣዋል።

ይህ ዘፈን ራንቼራ ይባላል። ማሪያቺ ከሚባለው የመለከትና የቫዮሊን ባንድ ጋር የሚዜም የገጠር ዘፈን ነው። አብዛኛው ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ከሰባ ዓመት በፊት የተዘፈነ ነገር አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ልጅ አፍ ውስጥ እንዴት ቆየ? ይህን የምጠይቀው በቅናት ነው። የእኛ ልጆች የእኛን ዘፈን መኪና ውስጥ ስንከፍት ይሰማሉ እንጂ አይዘፍኑትም።

ራንቼራ የገጠር ይሁን እንጂ ያደገው ከተማ ነው። በ1910 በተነሳው አብዮት የተፈናቀለውና ሥራ ፍለጋ የወጣው ገበሬ ሜክሲኮ ሲቲን አጥለቀለቃት። በ1930 ኤክስ ኢ ደብሊው የሚባል ትልቅ ሬዲዮ ጣቢያ ተከፈተ። ከተማ የገባው ባላገር ማታ ማታ ጥሎት የመጣውን መንደር በሬዲዮ መስማት ጀመረ። በ1936 ደግሞ ፈርናንዶ ዴ ፉዌንቴስ አንድ ፊልም ሠራ። ቲቶ ጊሳር የሚባል ዘፋኝ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። ፊልሙ በመላው ላቲን አሜሪካ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎቹም በዚያው መንገድ ሄዱ። ፈረስ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ በጎንና ጎኑ የብር ቁልፍ የተደረደረበት ጠባብ ሱሪ፣ አንዲት ቆንጆ፣ አንድ ባላንጣ፣ በመሃል በመሃሉ ዘፈን።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ የትልልቅ ባለርስቶችን መሬት ለገበሬው እያከፋፈሉ ነበር። ፊልሙ የሚያሳየው ግን ደግ ባለርስትንና ደስተኛ ገበሬን ነው። ጭሰኝነት ምን እንደነበር ከወላጁ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያይ ዝም ብሎ አያልፈውም። ዘፈኑ ውብ ነው፤ የሚያሳየው ገጠር ግን ያልነበረ ገጠር ነው።

ያው 1936 ለእኛ የመከራ ዓመት ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ያን ጊዜ ነው። ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ አላት፣ ሜክሲኮ ሲቲም ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላት። እዚህ አገር ለማውቃቸው የሜክሲኮ ሰዎች ይህን ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል። ልጆቻችንም ቢሰሙት ጥሩ ነው።

ወደ ዘፋኞቹ ልመለስ። የመጀመሪያው ትልቅ ኮከብ ሆርሄ ኔግሬቴ ነው። በ1911 ጓናህዋቶ ተወለደ። የጦር ኮሌጅ ተምሯል፤ ድምፁን የገራው ደግሞ በኦፔራ ነው። ሲዘፍን ደረቱን ነፍቶ፣ ቀና ብሎ ነው። የእኛን ፉከራና ሽለላ የሚያውቅ ሰው ቋንቋው ባይገባውም ነገሩ ይገባዋል። ከካሜራ ጀርባም ዝም ያለ ሰው አልነበረም። የተዋንያኑን ማኅበር እየመራ ለሙያ ጓደኞቹ መብት ተሟግቷል።

ኔግሬቴ ታዋቂ ካደረጋቸው ዘፈኖች አንዱ የቹቾ ሞንሄ ድርሰት ነው። ሜክሲኮን እንደ ሴት እያናገረ፣ ከአንቺ ርቄ ብሞት ተኝቷል በሉና ወደ አገሬ መልሱኝ ይላል። ኔግሬቴ ዲሴምበር 5 ቀን 1953 በጉበት ሕመም ሞተ። ገና 42 ዓመቱ ነበር። የሞተው ለሥራ መጥቶ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። አስከሬኑ በአውሮፕላን ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ተመለሰ። በዘፈን የለመነው ነገር በራሱ ላይ ደረሰ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ የታወሰኝ የእኛ ለቅሶ ቤት ነው። እዚህ አገር ሰው ሲሞትብን ከሁሉ በፊት የሚነሳው ጥያቄ "አገር ቤት ይሄዳል ወይ?" የሚል ነው። ወዲያው ገንዘብ ይዋጣል። ሟቹን በአካል የማያውቅ ሰው ሳይቀር ይሰጣል። እድር ባሕር ተሻግሮ የተከተለን በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሰው በኖረበት ከተማ ቤት ገዝቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ግብር ከፍሎ፣ ዜግነት ወስዶ፣ አፈሩን ግን እናቱ አጠገብ ይፈልጋል። ሜክሲኮዎችም እንደዚሁ ናቸው። የእነሱ አገር በመኪና የሚደረስ ሆኖ ሳለ እንኳ ያው ነው።

ልዩነታችን ሌላ ቦታ ነው። እኛ ይህን ነገር የምናነሳው ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለቅሶ ስንደርስ ብቻ ነው። እነሱ ሠርግ ላይም ይዘፍኑታል። ስለ ሞታቸው እያዜሙ ብርጭቋቸውን ያነሳሉ። በመሃሉ አንዱ ረጅም ጩኸት ይለቃል፤ ግማሹ ሳቅ፣ ግማሹ ለቅሶ የሆነ ጩኸት። ልጆቹ ይህን ሁሉ እያዩ ያድጋሉ። አባታቸው ምን እንደሚናፍቀው ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስረዳቸው ያውቁታል። እኛ ናፍቆታችንን ከልጆቻችን እንደብቃለን። እንዳይከብዳቸው ብለን ነው። ውጤቱ ግን አባታቸው ትዝታ ሲሰማ ለምን ዝም እንደሚል የማያውቁ ልጆች ናቸው።

ፔድሮ ኢንፋንቴ ከኔግሬቴ በጣም ይለያል። ማሳትላን ተወለደ፣ ጓሙቺል አደገ፣ በወጣትነቱ አናጢ ነበር። በ1948 በወጣው የድሃ ሰፈር ፊልምም የተጫወተው አናጢ ሆኖ ነው። ሕዝቡ ኔግሬቴን ያደንቃል፣ ኢንፋንቴን ግን ይወዳል። አውሮፕላን ማብረር ይወድ ነበር፤ ሞቱም በእሱ መጣ። ኤፕሪል 15 ቀን 1957 ሜሪዳ ላይ ተከስክሶ በ39 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት በርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ተሰጠው። ዛሬም በየዓመቱ በዚያ ቀን ሰው መቃብሩ ዙሪያ ተሰብስቦ ከማሪያቺ ጋር ይዘፍናል። ፊልሞቹ በቴሌቪዥን ሲደጋገሙ ኖረዋል። እሱ ሲሞት ያልተወለደች ሴት ሳቁን፣ አረማመዱን፣ ሲናደድ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለች።

ሴቶቹን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ቦይል ሃይትስ ሰፈር በሚገኘው የማሪያቺ አደባባይ ላይ የዘፋኟ የሉቻ ሬዬስ ሐውልት አለ። ሙዚቀኞቹ የባንድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መሣሪያቸውን ይዘው ሥራ የሚጠብቁበት ቦታ ነው። ሬዬስ በቀጭኑ የምታዜም ዘፋኝ ነበረች። በ1920ዎቹ ጀርመን ለሥራ ሄዳ ታመመችና ያ ድምፅ ጠፋ። ሲመለስላት ሻካራ ሆነ። በዚያ ሻካራ ድምፅ ሳግ እየተናነቃት፣ እየጮኸች መዝፈን ጀመረች። ከእሷ በኋላ የመጡት ሴቶች፣ ሎላ ቤልትራንን ጨምሮ፣ በቀደደችው መንገድ ሄዱ። በ1944 በ38 ዓመቷ አለፈች። ለእኔ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት።

ሆሴ አልፍሬዶ ሂሜኔስም አለ። ዶሎሬስ ኢዳልጎ የተወለደ፣ አስተናጋጅ የነበረ፣ በረኛ ሆኖ ኳስ የተጫወተ ሰው። መሣሪያ መጫወት አይችልም ነበር። ዜማውን በአፉ ያዜምና ሌሎች ይጽፉለታል። እንዲያም ሆኖ ከራንቼራ ደራሲዎች ሁሉ የሚወደደው እሱ ነው። በ1973 ሞተ፤ መቃብሩ በትልቅ ባርኔጣ ቅርጽ የተሠራ ነው።

የማልወደውንም ልናገር። በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ መጠጥ እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። ወንዱ የፈለገውን ያደርጋል፣ ሴቲቱ ከተወችው ግን ከዳተኛ ናት። ይህን የሚሉ የሜክሲኮ ሴቶች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እያወቁም ግን ይዘፍኑታል። ዘፋኟ ቻቬላ ቫርጋስ ለወንድ የተጻፉትን ዘፈኖች አንድም ቃል ሳትቀይር፣ ለሴት እንደምትዘፍን ሆና አዜመቻቸው። የሚያስቀይምን ቅርስ መጣል ብቻ አይደለም ያለው ምርጫ።

አሁን ወደ እኛ። ጥላሁን ገሠሠ ከኢንፋንቴ ያንሳል የሚል ሰው ካለ አልስማማም። በ2009 ፋሲካ ዕለት ሲያርፍ በመንግሥት ደረጃ ነው የተቀበረው። ግን የክብር ዘበኛው ወጣት ጥላሁን እንዴት እንደሚስቅ፣ እንዴት እንደሚራመድ የሚያሳይ ፊልም ለልጄ ማሳየት አልችልም። ያን ጊዜ ዘፋኝን የፊልም ኮከብ የሚያደርግ ኢንዱስትሪ አልነበረንም። አስናቀች ወርቁ ክራር ትደረድር፣ ትዘፍን፣ በቲያትር መድረክም ትተውን ነበር። ሜክሲኮ ብትወለድ ኖሮ በስሟ ሃያ ፊልም ይኖር ነበር። ከዘፋኞቻችን የተረፈልን ድምፃቸው ነው። ለእሱም እንደ አምሃ እሸቴ ያሉ ሰዎች ባይደፍሩ ብዙው በጠፋ ነበር። በ1969 የራሱን ማሳተሚያ ከፍቶ ሸክላ ማውጣት ጀመረ። ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ እነዚያን ቅጂዎች ለዓለም አሰማ።

ቁጥራችን እንደማይመጣጠን አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ ከ35 ሚሊዮን በላይ የሜክሲኮ ዘር ያለው ሰው ይኖራል። በቴክሳስ፣ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ ማሪያቺን እንደ ትምህርት የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። እኛ ይህን አናገኝም። ድግሳችን ግን በእጃችን ነው። ሠርጋችን ላይ ሙሽራዬን ሆ እያልን አብረን እንዘፍናለን፤ ልጆቹም ይቀበላሉ። ዘፋኙ መድረክ ሲወጣ ግን አፋችንን ዘግተን በትከሻችን ብቻ እንናገራለን። ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፋለን። እሱ ይዘፍንልናል፣ እኛ አንዘፍንም።

ይህን ለጓደኞቼ ሳነሳ አንዱ ሁልጊዜ ይሞግተኛል። "ልጆቹ አማርኛው አይገባቸውም፣ ሰምና ወርቁን ማን ሊነግራቸው ነው?" ይላል። እኔ የምመልስለት በሊንዳ ሮንስታድ ነው። አሪዞና ያደገች፣ በእንግሊዝኛ ሮክ ዘፍና ሚሊዮኖች ያወቋት ሴት ናት። በ1987 የአባቷን የራንቼራ ዘፈኖች ከማሪያቺ ጋር ሙሉ አልበም አድርጋ አወጣች። አሜሪካ ውስጥ እንግሊዝኛ ባልሆነ ቋንቋ ከወጡ አልበሞች ሁሉ በሽያጭ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ሆነ። ሮንስታድ ስፓኒሽ አቀላጥፋ አትናገርም ነበር። ዘፈኖቹን የያዘቻቸው በልጅነቷ ቤታቸው ውስጥ አባቷ ሲዘፍናቸው ነው።