«ቆጥቡ» ከማለታችሁ በፊት ሚዛኑን አስተካክሉልን

ኧረ በፈጠራችሁ አምላክ ይሄን «መብራት አጥፉ፣ ቡና ቀንሱ» የሚል ምክር ተዉን! ሬዲዮ ሲከፈት እሱ፣ ፌስቡክ ሲገባ እሱ፣ ስብሰባ ሲጠራ እሱ። ጎንደር ውስጥ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ቤተሰብ መቆጠብ ስላላወቀ አይደለም ኑሮ የከበደው። አንዲት እናት ከአንድ ኩባያ ምስር ስንት ሰው እንደምታበላ ያየ ሰው ስለ ቁጠባ ሊያስተምራት አፉን አይከፍትም። ገንዘቡ የሚያልቀው በግማሽ ኪሎ፣ በጣሳ፣ በሃይላንድ እየቆነጠርን ስንገዛ ነው። ትንሽ የሚገዛ ሰው ለሁሉም ነገር አብልጦ ይከፍላል። ብሶቴ ይሄ ነው። በቁጥር ላሳያችሁ።

መብራቱን እናስቀድም። 7 ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል 100 ሰዓት ቢበራ የሚበላው 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ማታ ማታ 5 ሰዓት የሚበራ ከሆነ የ20 ሌሊት ብርሃን ማለት ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ለመጋል ብቻ 12 ደቂቃ ሲፈጅ ያንኑ 0.7 ይጨርሳል፣ ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ። ቤታችሁ ያለው የድሮው ቢጫ 60 ዋት አምፖል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ እሱን ዛሬውኑ ቀይሩት። ኤልኢዲ ያለው ቤት ግን ልጆቹን በአምፖል ሲያስጨንቅ ውሎ በሳምንት ሦስት ጊዜ ምጣድ ቢያግል ምን ተቆጠበ?

አንዴ ከጋለ ምጣድ ላይ አንዱ እንጀራ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ሦስት ቀን ስምንት ስምንት ከመጋገር አንድ ቀን 24 መጋገር ሁለቱን ማሞቂያ ያስቀራል። ምክር ሰጪዎቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ፣ በአራተኛው ቀን የሚሻግተው እንጀራ የእነሱ አይደለማ! ቶሎ የሚሻግተው ትኩሱ በትኩሱ ላይ ሲደረብ ነው፣ እንፋሎቱ መሃል ላይ ታፍኖ ውሃ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰፌድ ላይ ይውጣና በደንብ ይብረድ፣ ከዚያ ይደረብ። መሶቡም በየጊዜው ፀሐይ ይምታው። በክረምት ይሄም ስለማይበቃ፣ የሚተርፍ የመሰላችሁን ገና በሁለተኛው ቀን ቆራርሳችሁ ድርቆሽ አድርጉት። ሻጋታ ከጀመረው በኋላ ማድረቅ ዋጋ የለውም። የመጨረሻውን ሊጥ ምጣዱ ላይ አዙራችሁ ስትከድኑ ማብሪያውን አጥፉ፣ የቀረው ግለት ያበስለዋል። ከዚያም በኋላ ቆሎ ለማመስ ወይም ድርቆሹን ለማድረቅ የሚበቃ ሙቀት አለው። ከተቻለ ጋገራው ጠዋት ይሁን። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲለኩስ ኃይሉ ይደክማል፣ ምጣዱ ለመጋል እጥፍ ጊዜ ይፈጅና ዓይን የሌለው እንጀራ ይወጣል። በመሃል መብራት ሲሄድስ? የጋለው ምጣድ ቀዝቅዞ ይቆያል፣ ሲመጣ እንደገና ማጋል ነው። ለዚያም ቆጣሪው እኛን ያስከፍለናል። እስኪ ይሄን በየትኛው ቁጠባ እናካክሰው?

አሁን ወደ ቅዳሜ ገበያ እንውረድ። የሚንጠለጠለውን ባለ ቀስት ሚዛን ልብ ብላችሁ እዩ። ባዶውን ሲሆን ቀስቱ ዜሮ ላይ መቆም አለበት። 100 ግራም ላይ ቆሞ ከጀመረ፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት የገዛችው ሴት የደረሳት 400 ግራም ነው፤ ከከፈለችው አንድ አምስተኛው ጠፋ። በዚያው ሚዛን 10 ኪሎ ያስመዘነው ሰውዬ ግን የጎደለበት ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ነው። ሚዛኑ ያው፣ ሻጩ ያው፣ ቀኑ ያው። ጉድለቱ የሚያርፈው ግማሽ ኪሎ የመግዛት አቅም ብቻ ባላት ላይ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ የኪሎው ዋጋ ለእሷ ይወደዳል፣ ምክንያቱም በጅምላ የሚገዛ ይከራከራል፣ እሷ ግን «ካልፈለግሽ ተዪው» ነው መልሱ። ከዚያ መጥቶ «ገበያ ስትሄዱ በዕቅድ ግዙ» የሚል ሰው ያናድደኛል። ዕቅድ አላት፣ የሌላት የኩንታል ገንዘብ ነው።

ሚዛን ለመፈተን ትልቅ ነገር አያስፈልግም። ያልተከፈተ የ1 ሊትር የታሸገ ውሃ በዘንቢል ይያዝ። ውሃው 1 ኪሎ ነው፣ ፕላስቲኩ ጥቂት አሥር ግራም ይጨምራል። ያለ ዘንቢሉ ሚዛኑ ላይ ሲሰቀል 1 ኪሎ ከ200 ካለ ከኪሎው 150 ግራም ገደማ እየጎደለባችሁ ነው። ሻጩ ይቆጣል፣ ይቆጣ። ሐቀኛው ሻጭ፣ ብዙዎቹም ሐቀኞች ናቸው፣ ራሱ «ስቀይው» ይላችኋል። ከሳህን ጋር የሚመዝን ካለ ደግሞ ሳህኑ መጀመሪያ ብቻውን ይመዘን።

ጣሳ ከሚዛን የባሰ ነው። ታቹ ወደ ውስጥ የተመታ ጣሳ አለ፣ አፉ ተጨፍልቆ የጠበበ አለ፣ አውራ ጣት ከነእጁ ውስጥ ገብቶ የሚሰፈርበትም አለ። «ምርቃት» ብሎ አንድ እፍኝ ሲጨምርላችሁ ደስ ይላችኋል፣ ያ እፍኝ ግን ቀድሞ የጎደለው የእናንተው ነው። መድኃኒቱ የራስን ጣሳ መያዝ ነው። ቤት ውስጥ 1 ኪሎ ምስር በታመነ ሚዛን መዝናችሁ ጣሳው ውስጥ ጨምሩ፣ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጋችሁ ከደረሰበት ላይ በምስማር ጫር አድርጉ። ለሽንብራ፣ ለአተር ክክ፣ ለሩዝ ለየብቻው ምልክት ያስፈልጋል፣ ፍሬያቸው ስለማይመሳሰል የአንዱ ኪሎ ከሌላው ከፍታ አይገጥምም።

ዘይት ላይ ያለውን ግፍ ደግሞ ስሙ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን በአንዴ መግዛት ለብዙ ቤት ሕልም ሆኗል። ስለዚህ በሃይላንድ የተቀዳ ይገዛል። 1 ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። «ሊትር ነው» የተባለው ጠርሙስ ከነፕላስቲኩ 850 ግራም ከሆነ ሊትር አይደለም። ባለ 5 ሊትሩም ዘይቱ ብቻውን 4.6 ኪሎ ያህል መሆን አለበት። ወጥ ስትሠሩ ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ አቁላሉት፣ ዘይቱ ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ይግባ። ከመጀመሪያው የገባ ዘይት ሽንኩርቱ ውስጥ ይጠፋና እንደገና ያስጨምራል።

ጤፍ ዋናው ነው። የሚረክሰው ከአውድማ ሲነሳ፣ ጥርና የካቲት ላይ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ይሰቀላል፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥርም ይብሳል። ይሄን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም፣ ጥር ላይ የኩንታል ዋጋ በእጁ ያለው ግን ጥቂት ነው። ዕቁብ ግቡ ይሉናል። በዕጣ የሚወጣው የተለመደው ዕቁብ ለዚህ አይሆንም፣ ሰኔ ላይ ዕጣው የደረሰው ሰው ጤፉን በሰኔ ዋጋ ይገዛላ! የሚሠራው ሌላ ዓይነት ነው፦ አሥር ቤት ሆኖ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማጠራቀም፣ ለማንም ሳይወጣ ማቆየት፣ ጥር ላይ በአንድ ቀን ለሁሉም መግዛት። መንገዱ ሰላም ሲሆን ደንቢያ፣ ቆላድባ ድረስ ሁለት ሰው ተልኮ የመኪናው ኪራይ ለአሥር ይካፈላል።

ስትገዙ እጃችሁን ጆንያው መሃል ድረስ አስገቡ። ደረቅ ጤፍ በጣት መካከል እንደ ውሃ ይፈሳል፣ እርጥቡ ይጣበቃል። እርጥብ ስትገዙ ለውሃ ነው የከፈላችሁት፣ በኋላም ይሻግታል። ጥቂቱን አኝኩ፣ ጥርስ ላይ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ አሸዋ አለው። ከላይ ያለውን ብቻ አትቅመሱ፣ ከታችም ይውጣ። ቤት ሲገባ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ፣ እርጥበት ይስባል፤ ከሥሩ ጣውላ ይሁን። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፣ ዓመት ይቆያል። ዱቄት ግን አይቆይም፣ ስለዚህ 25 ኪሎ 25 ኪሎ እያደረጋችሁ አስፈጩ። ወፍጮ ቤት ሲገባም ሲወጣም ይመዘን። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ ነው፣ እንደሞቀ አፉ ከታሰረ ያልበውና ይጓጉላል፣ ሽታም ያመጣል። ተዘርግቶ ይብረድ። የፎገራ ሩዝ መቀላቀል ለብዙ ቤት እፎይታ ሆኗል፣ ግን ከአራት እጅ አንዱን አይለፍ። ከዚያ ካለፈ በማግሥቱ ይደርቅና ይሰባበራል፣ የተሰባበረውን የሚበላ ይጠፋና ቁጠባው ገደል ይገባል።

ከሰል። በማዳበሪያ ሲገዛ ከላይ ትልልቁ ይታያል፣ ከታች ብናኝ ነው። ቀጭን ዘንግ እስከ ታች ክተቱ፣ ጉልበት ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ከሰመጠ ብናኝ ነው። ሁለት ጉማጅ አጋጩ፣ ደረቁ እንደ ብረት ያቃጭላል። የግራር ከሰል ከባድ ነው፣ ረጅም ይነዳል፤ የባሕር ዛፉ ቶሎ ያልቃል። ክረምት ላይ እርጥብም ውድም ስለሆነ የቻለ በበጋ ይግዛ። እንደገና «የቻለ» አልኩ፣ ሁሉም ነገር ወደዚያው ይመልሰናል። «ላቀች» የሚባለው የተሻሻለ የከሰል ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ያድናል፣ ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል። ምግቡ ከበሰለ በኋላ የቀረውን ፍም ክዳን ባለው ቆርቆሮ አፍናችሁ አጥፉት፣ ነገ ይነዳል። ለሙቀት ብላችሁ ግን ፍም ያለበት ምድጃ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ይዛችሁ አትደሩ፤ ጋዙ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ጎንደር ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሽንብራና ባቄላ ለመብሰል የሚያስቸግረን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ማታ ተነክሮ ያደረ ሽንብራ ግን የከሰሉን ብዙ ያስቀራል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ማፋፋት ውሃ ያተናል እንጂ አያፈጥነውም፤ ክደኑና ቀንሱ። ጨው በመጨረሻ።

ስለ ውሃ ብዙ አልልም፣ ፈረቃ ጠብቆ በሌሊት የሚነሳ ሕዝብ ውሃ ቆጥብ አይባልም። አንድ ነገር ብቻ፦ በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ያፈሳል። ብዙ ጊዜ ያረጀው ውስጡ ያለችው ትንሿ ጎማ ናት፣ ቧንቧውን ሳይቀይሩ እሷን ብቻ መቀየር ይበቃል። ሽንኩርትም በፌስታል ታስሮ አይቀመጥ፣ ድንችም አጠገቡ አይሁን፣ ሁለቱም ቶሎ ይበላሻሉ። ድንች ብርሃን ከመታው አረንጓዴ ይሆንና ይመራል።

ይሄን ሁሉ እናደርጋለን፣ እያደረግንም ነው። የሚመለከታችሁ አካላት ግን የእናንተን ድርሻ አድርጉ። ቅዳሜ ገበያ መግቢያው ላይ፣ አዘዞም ላይ፣ የታመነ ሚዛን ይቁምና ገዢ የገዛውን በነፃ መልሶ ይመዝን። የነጋዴው ሚዛን በዓመት አንዴ ለወረቀት ሳይሆን ገበያው በሚሞቅበት በበዓል ሰሞን ይፈተሽ። የመሥሪያ ቤት የብድርና ቁጠባ ማኅበራትም ጥር ላይ የጤፍ ብድር ስጡንና ከደመወዝ በአሥር ወር ቁረጡት። ውሳኔው ታኅሣሥ ላይ ይለቅ። ግንቦት ላይ የሚለቀቅ ብድር ጤፉ ከተወደደ በኋላ ስለሚደርስ አይጠቅመንም።