ዶክትሬት በ145 ደቂቃ

ዩኒቨርሲቲዎቹ ይዘጉ። የምሬን ነው። አንድ ሶፋ፣ አንድ ሰሃን ፈንዲሻና አንድ ፊልም እያለ፣ የሰው ልጅ ለአራትና ለአምስት ዓመት ዶርም ውስጥ የሚታጎረው ለምንድን ነው?

ይህ የተገለጠልኝ ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ያ የጌሻዋ (በጭፈራና በሙዚቃ እንግዳ የምታስተናግድ ጃፓናዊት ባለሙያ) ፊልም፣ "ሜሞርስ ኦቭ ኤ ጌሻ"፣ ተከፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው፣ ከድሃ ዓሣ አጥማጅ ቤት ተሸጣ የጃፓን ከተማ ኪዮቶ የገባችው ልጅ ታሪክ። አንድ እንግዳም አለ። ስሙን አልጠራም፤ በየቤታችሁ አንድ አንድ ስለማይጠፋ ታውቁታላችሁ። ሰውዬው አቦል ላይ ተራ ተመልካች ነበር። ቶና ላይ የጃፓን ጉዳይ አዋቂ ሆነ። ወደ በረካ ስንቃረብ ራሱ ጃፓናዊ ሆኖ ቁጭ አለ። "ጃፓኖች እኮ..." ይላል። "እኮ"ዋን ልብ በሉልኝ። አሥር ዓመት አብሯቸው የኖረ ነው የሚመስለው።

አድናቆቴ ወደር የለውም። ፊልሙ የተወሰደበትን መጽሐፍ የጻፈው አሜሪካዊ ወንድ፣ ፊልሙን ያዘጋጀው ሌላ አሜሪካዊ፣ ዋናዋ ተዋናይ ቻይናዊት፣ ባላንጣዋም ቻይናዊት፣ መካሪዋ ማሌዥያዊት፣ የኪዮቶ የተባለው ሰፈር ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሠርቶ የቆመ፣ ወሬው በእንግሊዝኛ፤ ከዚህ ሁሉ መሃል ጃፓንን ለቅሞ ማውጣት ከሽሮ ውስጥ የዶሮ እግር እንደ ማውጣት ነው። (ወንዶቹስ ጃፓኖች አሉበት። በቀረጻ፣ በዲዛይንና በአልባሳት 3 ኦስካር ወስዷል፤ ማማሩን ማን ካደ?) ጃፓን ውስጥ "የኛን ሴት ቻይናዊት ለምን ትጫወታለች" ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ቻይና ደግሞ "የኛ ልጆች እንዴት ጌሻ ይሆናሉ" የሚል ቁጣ ተነሳ፣ ፊልሙም እዚያ ሲኒማ ቤት ሳይገባ ቀረ። ሁለቱም አገር ያኮረፈበትን ነገር የኛ ሰው ሶፋ ላይ ሆኖ አጸደቀው።

የጌሻዋን መቀነት ትምህርት ሳልነግራችሁ ግን አላልፍም።

"መቀነቱ ከኋላ የታሰረው ለምን ይመስላችኋል?" አለ። ዝም አልን። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ዝም ማለት መጋበዝ ነው። "ወንድየው በቀላሉ እንዲፈታው!" ከዚያ የአክስቴን ነጠላ ተዋሰ። ኳስ ሊጫወት ሊወጣ የነበረውን የአጎቴን ልጅ አስቆመ። ነጠላውን ወገቡ ላይ ጠመጠመለት፣ ከኋላ ቋጠረው፣ ሳብ አደረገው። አልፈታም አለ። ደገመው፤ ልጁ እንደ እንዝርት ሾረና ረከቦቱ ላይ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። "ያው ሐር ስላልሆነ ነው" አለ። እንደገና አሰረው። አሁን ደግሞ ቋጠሮው ጠበቀና ልጁ "መተንፈስ አቃተኝ" አለ፣ አንዱ "መቀስ!" ሲል አክስቴ "ነጠላዬን!" ብላ ጮኸች። ቴሌቪዥኑ ላይ ልጅቷ በረዶ እየወረደባት ትጨፍራለች፤ የፊልሙ ምርጡ ቦታ እኮ ነው፤ ማን ይይ? ሃያ ደቂቃ። አንድ ነጠላ መፍታት ሃያ ደቂቃ የፈጀበት ሰው ነው ስለ ቋጠሮ የሚያስተምረን።

ነገሩ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ድሮ ከፊት ያስሩ የነበሩት ገላቸውን የሚሸጡት ናቸው። ጌሻ ከኋላ ነው የምታስረው። የኪዮቶ ጀማሪዎች፣ ማይኮ የሚባሉት፣ መቀነታቸው ከ5 ሜትር ስለሚበልጥ የሚያለብስ ባለሙያ አላቸው። አዎ፣ ወንድ ነው። ሙያው ማሰር ነው።

ከዚያ እንግዳችን ዓይኑን ጠቀሰን። "ያው ጌሻ ማለት... ገብቷችኋል።"

አልገባንም! "ጌይ" ጥበብ ነው፣ "ሻ" ሰው። የመጀመሪያዎቹ ጌሻዎች ወንዶች ነበሩ። አንዲት ልጅ ጭፈራውን፣ ባለሦስት ክሩን ሻሚሰን፣ የሻይ ሥርዓቱን አምስት ዓመት ያህል ትማራለች። ለደራሲው ሕይወቷን ያጫወተችው የኪዮቶ ጌሻ፣ ስሜን ላትጠራ ቃል ገብተህልኝ ነበር፣ ስማችንንም አጠፋህ ብላ ፍርድ ቤት ከሰሰችው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። የራሷንም መጽሐፍ ጻፈች። ማን ሰማት? መሰንቆ ይዞ የሚያድረውን "አዝማሪ" ብለን ስድብ ያደረግን ሰዎች፣ መድረክ ላይ የምትቆምን ሴት በአንድ ጥቅሻ እንጨርሳታለን። አሜሪካ ያለ ዘመዳችን ግን የ1977ቱን ረሃብ ያየ ፈረንጅ "አገራችሁ ምግብ አለ?" ቢለው ቤተሰቡ በሙሉ ደሙ ይፈላል። ፊልሙ ላይ ሕፃኗ ስትሸጥ ደግሞ እንግዳችን ፈንዲሻ እየቆረጠመ ነበር።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን።

በረካው ተቀዳ። አክስቴ የተጨማደደ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ "ቡናውስ እንዴት ነው? ከከፋ ነው የመጣልኝ፣ የጌሻ ነው" አለች።

እንግዳችን ሲኒውን አንስቶ አሸተተ። ዓይኑን ጨፈነ። ፉት አለ።

"አላልኩዎትም እትዬ?" አላት። "ጃፓኖች እኮ ቡና ላይም የዋዛ አይደሉም።"