በሰው ፊት ሰው አታዋርዱ

ወገኖቼ፣ በየመሥሪያ ቤታችን ሰው የሚያዋርድ አንደበት በዝቷል። ጸሐፊዋ አንድ ቃል ስለሳተች አለቃዋ ደብዳቤውን በባለጉዳይ ፊት ይወረውርባታል። አባቱን የሚያህለውን የጥበቃ ሠራተኛ ትናንት የተቀጠረ ወጣት «አንተ» እያለ ያመናጭቀዋል። እኛም «ምን ይደረግ፣ ጠባዩ ነው» ብለን እናልፋለን። ጠባዩ አይደለም! ያው ሰው የበላይ ኃላፊ ሲጠራው ድምፁ ይለሰልሳል፣ ወገቡ ይታጠፋል። በበታች ላይ ብቻ የሚነሣ ቁጣ፣ ማንን መድፈር እንደሚቻል ተመዝኖ የሚሰነዘር ነው።

ግምገማችንን ተመልከቱ። ሥራ የሚታረምበት መድረክ መሆን ሲገባው በስንቱ ቤት የሰው ክብር መግፈፊያ ሆኗል! ሠራተኛው ይቆማል፤ አነጋገሩ፣ የተወለደበት አካባቢ፣ ትዳሩ ሳይቀር ይዘለዘላል። ሪፖርቱ ለምን እንደዘገየ ግን ማንም ሳይጠይቅ ስብሰባው ይበተናል። አሁን ደግሞ የቴሌግራም ቡድን ተጨምሯል፤ በመሥሪያ ቤት የተጀመረው ስድብ ማታ ሰውየው ከልጆቹ ጋር ራት በቀረበበት ሰዓት ቤቱ ድረስ ይከተለዋል።

«ሥራ ያለ ቁጣ አይሄድም» የምትሉ ኃላፊዎች፣ ሥራ ያጠፋን ሰው በጽሑፍ ማስጠንቀቅ፣ እንደ ጥፋቱም መቅጣት ትችላላችሁ። ስድብ የተጨመረው ለማን ጥቅም ነው? የምታስፈራሩት ሠራተኛ ስሕተቱን ይደብቃችኋል። የሒሳብ ባለሙያው የጎደለውን ገንዘብ ሲያገኝ ከመናገር ይልቅ ዝም ይላል። በሆስፒታልም የታዘዘው የመድኃኒት መጠን ያጠራጠራት ነርስ፣ ባለፈው ስትጠይቅ የደረሰባትን ዘለፋ አስታውሳ አፏን ትይዛለች። ያን ጊዜ ዕዳውን የሚከፍለው አልጋ ላይ የተኛው ሕመምተኛ ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሳቁ ነው። አለቃው በአንዱ ላይ ሲያላግጥ ዙሪያውን የተቀመጡት ይስቃሉ፤ ገሚሱ ፈርቶ፣ ገሚሱ ተራው እንዳይደርሰው፣ አንዳንዱም ወንበሩን ተመኝቶ። ያ ሳቅ ባይኖር ብዙዎቹ ተሳዳቢዎች ንግግራቸውን አይጨርሱም ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የተወጋ ሰው የሳቀውንም አይረሳም።

ሕጉ እንደሆነ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 የማንኛውም ሰው ሰብአዊ ክብርና መልካም ስም እንዲከበር ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 32፣ አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ድርጊት ከፈጸመበት ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይናገራል። ይህ መብት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል፤ ስለዚህ የተበደላችሁ ሁሉ የተባላችሁትን በዕለቱ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፉ፤ የነበሩትንም ሰዎች ስም መዝግቡ። ነገር ግን የቤት ኪራይ ያለበትና ልጆች የሚያስተምር ሰው እንዴት ብሎ ሥራውን ጥሎ ይወጣል? ለምንስ ተሰዳቢው ወጥቶ ተሳዳቢው ይቀመጣል? ይህን ሕግ ብቻውን አያቃናውም።

የሥራ ባልደረቦች፣ ስለዚህ ነገሩ በእናንተ እጅ ነው። ጀግንነት አልጠይቃችሁም። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ሰው መዋረድ ሲጀምር ከመካከላችሁ አንዱ «ወደ ሥራው ጉዳይ እንመለስ» ይበል፤ ሌላው ይደግፈው። ከስብሰባው በኋላ የተሰደበውን ሰው ብቻውን ምሳ እንዲበላ አትተዉት። ቅሬታ አቅርቦ ስማችሁን በምስክርነት ሲጠራም «አልሰማሁም» አትበሉ። ሰምታችኋል።